ፈላና በርና የጥገና ፈቃድ

የሐረርን ጀጎል ግንብ በ16ኛው ምዕተ ዓመት ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው ይባላል። በሰሜን በኩል ያለው ፈላና በር ከከተማ መግቢያነቱ ሌላ የሁለት ሕጎች ድንበርም ሆኗል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ማናቸውም የቅርስ ጥገና አስቀድሞ እንዲፈቀድ አዘዘ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በበኩሉ ሕንፃዎችን በሦስት ሲመድብ፣ ተራውን ባለ አንድ ወለል መኖሪያ ቤት ግዴታው በቀለለው በ«ሀ» ምድብ አኖረው። አንደኛው የግድግዳውን ክብር፣ ሁለተኛው መጠኑን ይመዝናል። ከዚህም የተነሣ ከበሩ ውጭ በቀላሉ የሚሠራው ልስን፣ ጀጎል ውስጥ በቅርስነት በሚጠበቅ ቤት ላይ ሲሆን ደጅ የሚያስጠና ጉዳይ ሆነ።

ጥንቃቄው ከንቱ አይደለም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ ነባሩ የሐረሪ ቤትም በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ስለሆነ፣ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ግድግዳውን ያላላዋል። ይሁን እንጂ ይህን ጠንቅቆ የሚያውቀው ጭቃ አቡኪ ግንበኛ፣ ለሥራ ተቋራጭነት ደረጃ የሚጠየቀው መሣሪያም ሆነ የምስክር ወረቀት የለውም። እርሱን በእጁ ሥራ ፈትኖ፣ ለነባር ቤቶች ጥገና ብቻ የሚያገለግል ፈቃድ መስጠት በተገባ ነበር።