ጎ፥ ዌንት፥ ጎን
የእንግሊዝኛ ግሥ ልምምድ ወደ ክፍላችን የመጣበት ታሪክ

ጧት በትምህርት ቤታችን አጥር አጠገብ የሚያልፍ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ድምፅ «ጎ፥ ዌንት፥ ጎን፤ ሲ፥ ሶ፥ ሲን» እያሉ ሲያዜሙ ነው። እኛም ከሦስት ዓመት በፊት እንዲሁ እናዜም ነበር። አሁን የመጨረሻውን ፈተና ለመቀበል የተቃረብን ስለሆነ፥ ይህ ልምምድ ከወዴት ተነሥቶ ከእኛ ዘንድ እንደ ደረሰ ለመመርመር ወደድን።

ለዚህም ያነሣሣን ምክንያት አለ። ዘንድሮ በፊዚክስ ሰዓት፥ ኳሷ በአየር ላይ ሳለች ባትመታ ኖሮ በስንት ሴኮንድ መሬት ትደርስ እንደ ነበር የሚጠይቅ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ቀረበልን። የክፍላችን እኩሌታ ኳሷን እንደ ተመታች ቈጥሮ አሰላና መልሱን ሳተ። ስሌቱ የጠፋው ተማሪ አልነበረም፤ የጠፋን «ዉድ ሃቭ» የሚለው ነው። በግሥ ምክንያት በፊዚክስ መውደቅ እንዳለ ያን ቀን ተረዳን።

ግሥ ማርባት ለአገራችን እንግዳ ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ፥ የቅኔ ቤት ተማሪ «ቀተለ» ብሎ ኀላፊውን፥ «ይቀትል» ብሎ ትንቢቱን፥ «ይቅትል» ብሎ ዘንዱንና ትእዛዙን ያለ ወረቀት በቃሉ ያወርድ ነበር፤ ዛሬም ያወርዳል። በወጣትነታቸው ቅኔ የተማሩ የአንዱ ጓደኛችን አያት፥ ከቤታቸው ተሰብስበን ስንለማመድ ሰምተው «እናንተም ግሥ ታወርዳላችሁ እንዴ?» ብለው ሳቁ። ቀጥለውም «ታዲያ ምን ትቀኙበታላችሁ?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። እሳቸው ግሡን ያጠኑት ቅኔ ሊዘርፉበት ነው፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳንሠራበት ደወል ይደወላል።

እንግሊዞች ራሳቸው የቋንቋቸውን ሰዋስው የጻፉት በላቲን ልክ እየሰፉ ነው። ጆን ዋሊስ የተባለው ሊቅ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1653 ዓ.ም. ያሳተመው የእንግሊዝኛ ሰዋስው በላቲን ቋንቋ የተጻፈ ነበር፤ ተማሪን ሲያስጨንቅ የኖረው የ«ሻል» እና የ«ዊል» ሕግም በዚያ መጽሐፍ ይገኛል። በ1795 ዓ.ም. ደግሞ ሊንድሊ መሪ ዮርክ በምትባለው ከተማ ለአንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ያዘጋጀው ሰዋስው ወደ ብዙ አገር ተሰራጨ። በዜማ መድገሙና ቃል እየለዋወጡ ዓረፍተ ነገር መሥራቱ ግን ይበልጡን የተስፋፋው በሃያኛው መቶ ዓመት ሲሆን፥ ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በጃፓን የሠራው ሃሮልድ ፓልመር በዚህ ሥራ ስመ ጥር ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፥ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈቱ እንግሊዝኛ ከሚሰጡት ቋንቋዎች አንዱ ቢሆንም፥ በዚያ ዘመን የበላይነት የነበረው ፈረንሳይኛ ነው፤ የባቡሩም የንግዱም ቋንቋ እርሱ ነበርና። ፋሽስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር ትምህርቱ ተቋረጠ፤ ከተማሩት ወጣቶችም ብዙዎቹ አለቁ። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ግን እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ያዘ። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም፥ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ትምህርታቸውን በእንግሊዝኛ ሰጡ። መምህራን ከእንግሊዝ፥ ከካናዳና ከሕንድ መጡ፤ በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ደግሞ 300 ያህል አሜሪካውያን የሰላም ጓዶች በየአውራጃው ተበተኑ። ስለዚህ አንዱ ተማሪ በአራት ዓመት ውስጥ አራት ዓይነት አነጋገር ሊሰማ ይችል ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያው ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፥ ሁለተኛው ደረጃ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ፥ እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲቀርብ አደረገ።

እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስላደግን አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን፥ ሚሲዮናውያንም አማርኛ እንዲማሩ ያዝዝ ነበር። በልጅነታችን በተማርንበት ቤት ግን በግቢው ውስጥ አማርኛ የተናገረ ልጅ አንዲት ቁራጭ እንጨት ትሰጠው ነበር፤ እርሱም ሌላ ተናጋሪ እስኪያገኝ ድረስ ይዟት ይዞራል። ማታ በእጁ የተገኘችበት ክፍሉን ይጠርጋል። ከዚያች እንጨት የተማርነው ግሥ የለም፤ የተማርነው ዝም ማለትን ነው።

በእኛ አስተያየት ችግሩ ያለው ከዝርዝሩ ርዝመት ላይ አይደለም። «ዌንት» ከ«ጎ» የተወለደ ሳይሆን «ዌንድ» ከሚባል ከሌላ ግሥ የተወሰደ ነው ሲባል የሚደነቅ ሰው፥ እኛም «መጣ» ብለን ስናዝዝ «ና» እንደምንል ያስታውስ። የሚያስቸግረው ጊዜን የምንከፍልበት መንገድ መለያየቱ ነው። በአማርኛ «ይሄዳል» ስንል የዘወትሩም የነገውም ሊሆን ይችላል፤ እንግሊዝኛ ግን ይለያያቸዋል። «ትናንት ሄጃለሁ» ማለት ለእኛ ነውር የለውም፤ በእንግሊዝኛ ግን «ሃቭ ጎን» ከ«የስተርደይ» ጋር አይስማማም። እናት ከጓዳ ስትጣራ ልጅ ገና ከተቀመጠበት ሳይነሣ «መጣሁ!» ይላል። ይህን በኀላፊ ጊዜ ለፈረንጅ ብንተረጕምለት ልጁን በበሩ ላይ ይፈልገዋል።

ከሁለተኛው መንፈቅ ወዲህ ከትምህርት በኋላ ከዋርካው ሥር እየተሰበሰብን፥ እያንዳንዳችን በቀደመው ቀን ያደረግነውን በእንግሊዝኛ እንናገራለን፤ ሌላው ግሡ ሲሰበር እጁን ያነሣል። ቀጥሎም ያ ነገር ባይሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር እንጠያየቃለን። እኒያም አያት አንድ ቀን መጥተው ከእኛ ጋር ተቀምጠው ነበር። ቋንቋውን ባይሰሙም እጅ ስንት ጊዜ እንደ ተነሣ ቈጠሩልን፤ ሃያ ሦስት ጊዜ። ከእነዚህም ውስጥ ዘጠኙ «ዉድ ሃቭ» ላይ ነበሩ።