ሊትል ቦው፦ የአንድ የገጠር ምርጫ ክልል የ106 ዓመታት ታሪክ

ሊትል ቦው በካናዳ አልበርታ ግዛት ደቡባዊ ክፍል፣ ከካልጋሪ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው የስንዴ እርሻና የከብት እርባታ አካባቢ በ1913 የተቋቋመ የግዛቱ ምክር ቤት ምርጫ ክልል ነበር። ስያሜውን ያገኘው በአካባቢው ከሚያልፈው የሊትል ቦው ወንዝ ነው። በ2019 እስከ ተሰረዘበት ጊዜ ድረስ በነበሩት 106 ዓመታት ወደ ምክር ቤቱ የላካቸው ተወካዮች ሰባት ብቻ ናቸው። (በዚህ ጽሁፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ አነስተኛ ቁጥር መራጩ ለአንድ ፓርቲ ታማኝ ሆኖ ኖሯል የሚል ግምት ሊያሳድር ይችላል። የምርጫ ክልሉ ታሪክ የሚያሳየው ግን ከዚህ የተለየ ነው። መራጩ ፓርቲዎችን በተደጋጋሚ ቀይሯል፤ ያመነበትን ሰው ግን በቀላሉ አልለወጠም።

የመጀመሪያዎቹ ተወካዮች

የምርጫ ክልሉ የመጀመሪያ ተወካይ የሊበራል ፓርቲው ጄምስ ማክኖተን ሲሆኑ፣ እስከ 1921 ድረስ አገልግለዋል። በዚህ ወቅት በ1916 የአልበርታ ሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት አግኝተዋል።

በ1921 ገበሬዎች በራሳቸው ድርጅት አማካይነት ለምርጫ ቀረቡ። የአልበርታ ገበሬዎች ኅብረት ከ61 መቀመጫዎች 38ቱን አግኝቶ መንግሥት ሲመሠርት፣ በሊትል ቦው ያሸነፉት የኅብረቱ ዕጩ ኦራን ማክፈርሰን ነበሩ። እኚህ ተወካይ ከ1922 እስከ 1926 የምክር ቤቱ አፈ ጉባዔ፣ ከዚያም የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትር በመሆን ሠርተዋል።

በዚሁ ዘመን የአልበርታ የድምፅ አሰጣጥ ሥርዓት ተለውጧል። ከ1926 እስከ 1955 በተካሄዱት ጠቅላላ ምርጫዎች የገጠር መራጮች በአንድ ዕጩ ስም ላይ ምልክት ከማድረግ ይልቅ ዕጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያሉ በቅደም ተከተል ይመርጡ ነበር። ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ዕጩ ከሌለ የመጨረሻው ዕጩ ይወጣና ድምፁ በሁለተኛ ምርጫው መሠረት ለሌሎቹ ይከፋፈላል። ይህ አሠራር በ1956 ተሰርዞ ከ1959 ምርጫ ጀምሮ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ዕጩ ወደሚያሸንፍበት ሥርዓት ተመልሷል።

ሁለት ሰዎች፣ 57 ዓመታት

በዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ ቀውስ ወቅት በተካሄደው የ1935 ምርጫ ሶሻል ክሬዲት ፓርቲ ከ63 መቀመጫዎች 56ቱን ሲያሸንፍ፣ የገበሬዎች ኅብረት አንድም መቀመጫ አላገኘም። ማክፈርሰንም መቀመጫቸውን ለሃይማኖት አገልጋዩ ፒተር ዳውሰን ለቀቁ። ዳውሰን በሰባት ጠቅላላ ምርጫዎች ያሸነፉ ሲሆን፣ ከ1937 ጀምሮ በ1963 በሥራ ላይ እንዳሉ እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የምክር ቤቱ አፈ ጉባዔ ነበሩ።

እሳቸውን የተኩት ሬይመንድ ስፒከር ከ1963 እስከ 1992 ለ29 ዓመታት የሊትል ቦው ተወካይ ሆነዋል። በ1965 በስምምነት ውል የታቀፉት የአልበርታ ነባር ሕዝቦች በግዛቱ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት በእሳቸው የመጀመሪያ የሥራ ዘመን ነው። በ1971 ፕሮግሬሲቭ ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ሶሻል ክሬዲትን ከሥልጣን ሲያስወግድ ሊትል ቦው ከአሸናፊው ጋር አልሄደም። ስፒከር ፓርቲያቸው እየተዳከመ በሄደባቸው ዓመታትም በሶሻል ክሬዲት ስም ማሸነፋቸውን ቀጠሉ። በ1982 በግል ዕጩነት፣ በ1986 ሪፕረዘንታቲቭ በተባለ አዲስ ፓርቲ ስም፣ በ1989 ደግሞ በገዢው ፓርቲ ዕጩነት ተመርጠዋል። በአራት የተለያዩ መታወቂያዎች ቀርበው አንድም ጊዜ አልተሸነፉም።

ስፒከር በፌዴራል ምርጫ ለመወዳደር በ1992 ሲለቁ በማሟያ ምርጫ የተተኩት የፕሮግሬሲቭ ኮንሰርቫቲቩ ባሪ ማክፋርላንድ እስከ 2012 አገልግለዋል።

የመራጩ አመኔታ ወሰን

በ2012 የዋይልድሮዝ ፓርቲ ዕጩ የነበሩት ኢያን ዶኖቫን ተመረጡ። ይሁን እንጂ በኅዳር 2014 ፓርቲያቸውን ትተው ወደ ገዢው ፕሮግሬሲቭ ኮንሰርቫቲቭ ተዛወሩ። በ2015 በተካሄደው ምርጫ መራጩ እሳቸውን አውርዶ የዋይልድሮዙን ዴቪድ ሽናይደርን መረጠ። ስፒከር ፓርቲ ሲለውጡ የተከተላቸው የምርጫ ክልል ዶኖቫንን አልተከተለም። ልዩነቱም ዶኖቫን በተቃዋሚ ስም በተመረጡ በሦስተኛው ዓመት፣ ሕዝቡን በምርጫ ሳይጠይቁ ወደ መንግሥት ወገን መሻገራቸው ነበር።

የምርጫ ክልሉ መሰረዝ

የሊትል ቦው ፍጻሜ የመጣው ግን በድምፅ መስጫ ሣጥን ሳይሆን በሕዝብ ቁጥር ምክንያት ነው። በአልበርታ ሕግ መሠረት የአንድ ምርጫ ክልል ሕዝብ ከግዛቱ አማካይ ቁጥር በ25 በመቶ ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል፤ ከዚህ በታች መውረድ የሚፈቀደው በልዩ ሁኔታ እስከ አራት ለሚደርሱ ክልሎች ብቻ ነው። ከተሞች በፍጥነት በማደጋቸው የወሰን ኮሚሽኑ በ2017 ከምክር ቤቱ 87 መቀመጫዎች ውስጥ የገጠሩ ድርሻ በሦስት እንዲቀነስ አሳሰበ። በዚሁ መሠረት ሊትል ቦው ተሰርዞ ሰፊው ክፍሉ ካርድስተን-ሲክሲካ ወደተባለው አዲስ ምርጫ ክልል ተካቷል።

ውሳኔው የአንድን ድምፅ ዋጋ በከተማና በገጠር ያቀራርባል። በሌላ በኩል አንድ ተወካይ በርካታ ወረዳዎችንና ተራርቀው የሚኖሩ ማኅበረሰቦችን እንዲያዳርስ ስለሚያስገድድ፣ የገጠሩ ነዋሪ ከተወካዩ ጋር የሚገናኝበትን ዕድል ያጠባል። ሁለቱን ማመጣጠን የወሰን ኮሚሽኖች አስቸጋሪ ሥራ ሆኖ ይገኛል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለም። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልሉ በአብላጫ ድምፅ እንደሚመረጡና የመራጩን አመኔታ ያጣ አባል በሕግ መሠረት ውክልናውን ሊያጣ እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጽ 103 ደግሞ የምርጫ ክልሎች ወሰን በሕዝብ ቆጠራ ውጤትና በምርጫ ቦርድ ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ በፌዴሬሽን ምክር ቤት እንደሚወሰን ያመለክታል። የሊትል ቦው ታሪክ እንደሚያሳየው መቀመጫውን የሚሰጠውና የሚነሳው መራጩ ቢሆንም፣ መራጩ ከማን ጋር ሆኖ እንደሚመርጥ የሚወስነው የወሰን መሥመሩ ነው።