በበረዶ ባሕር ላይ የተነበበ ሲቪ

በሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት አንገቱን አስግጎ ቆሞ የማያውቅ የከተማ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ! «የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመት» የምትለዋን መስመር ስናይ እስክሪብቷችንን ወደ ኪሳችን እንመልሳለን። ልምድ ለማግኘት ሥራ ያስፈልጋል፤ ሥራ ለማግኘት ደግሞ ልምድ። ታዲያ በየት በኩል ይገባል? በሶፍትዌሩ ዓለም ይህችን ቋጠሮ የፈቱ ሰዎች አሉና ዛሬ የእነሱን ታሪክ እንጨዋወት።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየሠራ መሆኑን በኢንተርኔት አሳወቀ። ለእሱ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነበር። ኮዱን ግን አልደበቀም፤ የፈለገ እንዲያየው፣ እንዲያርመው፣ እንዲጨምርበት ለቀቀው። ኦፕን ሶርስ የምንለው አሠራር ይኸው ነው። ሊኑክስ ዓለምን አዳረሰ፤ ልጁም በ1997 ካሊፎርኒያ ገብቶ ተቀጠረ።

«እሱማ ሊነስ ነው፤ እኛስ?» ለምትሉ ሁለተኛው ታሪክ ይሻላችኋል።

ማርክ ሸትልወርዝ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። በ1990ዎቹ፣ በሊኑክስ ላይ ለተመሠረተው ደቢያን ለተባለ ፕሮጀክት በበጎ ፈቃድ ይሠራ ነበር። በ1995 የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ያቋቋመውን የኢንተርኔት ደህንነት ኩባንያ፣ በ1999 በ575 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። በ2002 ከኪሱ ከፍሎ ጠፈር ደርሶ ተመለሰ።

እንዲህ ያለ ባለጠጋ ፕሮግራመር ሲፈልግ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ያወጣል ትሉ ይሆናል። እሱ ግን በ2004 መጀመሪያ በበረዶ ሰባሪ መርከብ ወደ አንታርክቲካ ሲጓዝ፣ የደቢያን ሰዎች ለወራት የተጻጻፏቸውን መልዕክቶች ይዞ ተሳፈረ። እያነበበ የሚፈልጋቸውን ሰዎች ስም ለቀመ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ጥቂት ፕሮግራመሮችን ለንደን ሰበሰበ፤ ኦክቶበር 20 ቀን ደግሞ የመጀመሪያው ኡቡንቱ ወጣ። አዎ፣ እስከ 2011 ድረስ ሲዲው በፖስታ በነፃ ይታደል የነበረው ያ ኡቡንቱ!

እነዚያ ሰዎች መልዕክቱን ሲጽፉ ለሥራ እየተፈተኑ መሆኑን አያውቁም ነበር። ፈተናውን ከባድም እውነተኛም ያደረገው ይኼ ነው። ሲቪ ላይ ሁላችንም «ታታሪና ከሰው ጋር ተግባቢ» ነን። በአደባባይ የተሠራ ሥራ ግን ማን ስህተቱን እንዳረመ፣ ማን ሲታረም እንደተቆጣ፣ ማን የጀማሪን ጥያቄ በትዕግሥት እንደመለሰ ሁሉን መዝግቦ ይይዛል።

ግን አንታለል፤ መርከቡ ሁሉንም አይጭንም። በኤፕሪል 2014 ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ሲገኝ፣ እጅግ ብዙ ድረ ገጾች የሚጠበቁበት ኦፕን ኤስኤስኤል በዓመት የሚያገኘው ልገሳ 2,000 ዶላር ገደማ ብቻ እንደነበር ታወቀ። ትላልቅ ኩባንያዎች የሚከብሩበትን ሥራ ጥቂት ሰዎች በባዶ ኪስ ተሸክመውት ኖረዋል። በነፃ መሥራት በራሱ እንጀራ አይሆንም። ጊዜ ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል፣ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ለእኛ አገር ልጅ ሦስቱም በነፃ አይመጡም።

እንግዲህ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ራሳችሁ የምትጠቀሙበትን ፕሮግራም ምረጡ፤ ሳምንታችሁን ሙሉ ሳይሆን ጥቂት ሰዓት ስጡት። ኮድ ገና ካልደፈራችሁ የትርጉም ሥራ አለ፤ ብዙዎቹን ፕሮግራሞች ወደ አማርኛ የመለሷቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ትንሿ እርማት ከነስማችሁና ከነቀኗ ተመዝግባ ትቀመጣለች።

«2 ዓመት ልምድ» የሚለው ማስታወቂያ ነገም ሰሌዳው ላይ አለ። ያን ጊዜ ከወረቀቱ ጋር የምታሳዩት ሥራ ይኖራችሁ እንደሆነ የሚወስነው ግን ዛሬ ማታ ነው።