ባሌስትራው ሲወልቅ

እንግዲህ ጠጋ በሉና አድምጡኝ፤ ስለ አንዲት ያረጀች ላንድክሩዘር ላወራችሁ ነው። የሹፌሩን ስም ግን አትጠይቁኝ። ደባርቅ ውስጥ ማን የማንን መኪና እንደሚነዳ የማያውቅ የለም፤ እስካሁን ያልኩትም በዝቶ ይሆናል።

መኪናዋ 70 ሲሪየስ ከሚሏቸው ናት። ቶዮታ ይህን ዘር ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የፊቱን ባሌስትራ፣ ማለትም ተደራራቢውን ብረት፣ አንስቶ በጥምዝምዝ ሞላ ተካው። የእኛዋ ከዚያ በፊት የተሠራች ናትና አራቱም እግሯ ባሌስትራ ላይ ነው። ነጭ ናት ይባላል፤ እኔ ግን አቧራ ሳይኖርባት አይቻት አላውቅም።

ደባርቅ ላይ ስለ ስፖርት መኪና ቢወራ ሰው ይስቃል። ግን የዚህች ሥራ ከስፖርት በምን ያንሳል? ከደባርቅ ተነስቶ በቡይት ራስ አልፎ ሳንቃ በር፣ 3,250 ሜትር፤ ከዚያ ጨነቅ፣ 3,620 ሜትር፤ ሲያስፈልግም የቧሂትን ማለፊያ ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ መውረድ። ዓመት ዓመት በዚህ መንገድ ጭላዳና ዋልያ ሊያዩ የመጡ እንግዶችን ስታመላልስ ኖራለች። መንገዱ የሚያልፍበት የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገባ፤ በ2017 ከዚያ ተርታ ወጣ። ሹፌራችን ይህን የመጨረሻውን ዜና ሲሰማ ከእንግዲህማ እንግዳ ይጎርፋል ብሎ አራት አዲስ ጎማ አስገባ።

ምን ያደርጋል! በእኛው አቆጣጠር በ2012 ኮሮና መጣ፤ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆመች። የቆመ መኪና ያርፋል የሚል ካለ አትመኑት። የባሌስትራው ጫፍ ላይ ያሉት የጎማ ቡሾች በውርጭና በፀሐይ ደርቀው ተሰነጣጠቁ፤ በብረቶቹ መሐል የነበረው ግራሶ ደርቆ ቦታውን ለዝገት ለቀቀ። በኋላ እንግዳው ሲጠፋ ልጆች መብላት አለባቸውና መኪናዋ ጭነት ገባች። ገብስ፣ ድንች፣ ዘይት፣ በላዩ ላይ ሰው። ኋላዋ ቁጭ ሲልበት ሹፌሩ በየጎኑ ሁለት ሁለት ብረት አስጨመረ። የኋላ ሾኮቿ ዘይት መትፋት ሲጀምሩ ደግሞ ፈትቶ ጣላቸው።

ይህን ያደረገው እሱ ብቻ አይደለም። ከጎንደር እስከ አዲአርቃይ ባሌስትራ ማስጨመር እንደ ጀግንነት ነው የሚቆጠረው። «አስጠነከርኩት» ይላሉ።

አሁን ወደ ሊማሊሞ እንውረድ። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ከገደሉ እየፈለጠ ያስወጣው ጥምዝምዝ ነው። ከደባርቅ አፋፍ ተነስቶ ወደ ዛሪማ ሲወርድ ደጋው በአንድ ጊዜ ቆላ ይሆናል። ያን ዕለት ሹፌራችን ባዶውን ነበር፤ ልብ በሉ፣ ባዶውን። አንድ ኩርባ ላይ መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ተሸብሽቦ ነበርና የመኪናዋ ኋላ ዘለለ፤ ዘልሎም ወደ ገደሉ በኩል ተንሸራተተ። መሪውን መለሰ፤ ኋላዋ ግን ገና በአየር ላይ ነበር። ጎማው መሬት የነካው ከጠርዙ ምን ያህል ሲቀረው እንደሆነ እሱ አይናገርም፤ አብሮት የነበረው ረዳት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በእግሩ መሄድ ይወዳል።

ደባርቅ ተመልሶ ጋራዥ ገባ። መካኒኩ ልጅ ነው፤ ፂም እንኳ በቅጡ አላወጣም። ሹፌሩ ገና ከመውረዱ ትዕዛዝ ጀመረ።

«አንተ ልጅ፣ አንድ አንድ ብረት ጨምርልኝ። አልጠነከረም።»

ልጁ መልስ አልሰጠም። የኋላውን ፓራውልት በሁለት እጁ ይዞ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። ንቅንቅ አላለም። ወደ ፊት ሄደና ያንኑ አደረገ። የፊቱ ደግሞ ወረደ፤ ሲለቀው ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ።

«ጋሼ፣ የፊቱ ሾክ ሞቷል፤ የኋላው ደግሞ ጭራሽ የለም። ከኋላ የምንጨምረው ሳይሆን የምናወጣው ነው ያለን።»

«ልታወጣ! እኔ ለማስጨመር መጥቼ አንተ ልትቀንስ?»

«ባሌስትራ ይሸከማል እንጂ አይገታም፣ ጋሼ። የዋጠውን ጉልበት መልሶ ይተፋዋል። የሚገታው ሾኩ ነው።»

«ትሬንታ ኳትሮ ሾክ ነበራት?» አለ ሹፌሩ። ይህ ክርክር ከአባቱ የወረሰው ነው፤ የድሮዋን የፊያት ከባድ መኪና እያነሱ የዛሬን መካኒክ ማሳፈር።

«ትሬንታ ኳትሮ በሰዓት ስንት ትሄድ ነበር?»

ሹፌሩ ዝም አለ። አርባ እንኳ ብትደፍር ነው።

እኔ እንደሆንኩ ከልጁ ጋር ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሾክ ማለት ዘይት የሞላው ቱቦ ነው። ጎማው ሲዘል በውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ ያሳልፈዋል፤ ዘይቱ ሲጨነቅ ይሞቃል፤ የዝላዩ ጉልበት ሙቀት ሆኖ በቱቦው ቆዳ ወደ አየር ይወጣል። ስለዚህ ከሻካራ መንገድ በኋላ ወርዳችሁ ሾኩን ዳብሱት፤ ከሞቀ ሠርቷል፣ ከቀዘቀዘ ሞቷል። እርግጥ የባሌስትራ ብረቶችም እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ ትንሽ ይገታሉ፤ ብዙ ከባድ መኪና ያለ ኋላ ሾክ የሚሄደው በዚህ ነው። ግን ከባድ መኪና ከባድ ነው፤ ክብደቱ ጎማውን መሬት ላይ ይጫነዋል። ባዶ ላንድክሩዘር ላይ ለአሥር ኩንታል የተደረደረ ብረት ስትጭኑ ባሌስትራው ሊተጣጠፍ አይችልም፤ ድንጋዩ የመታው ምት ወደ ሻንሲው፣ ወደ ኩሽኔታው፣ ወደ ተሳፋሪው ወገብ ይሄዳል። ጎማውም ከመሬት ይለቃል። መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም አያውቅም።

ተስማሙ። በክሪክ አንስተው ሻንሲውን በእንጨት ደገፉት፤ ከዚያ የፍቺው ጦርነት ተጀመረ። ዳዶዎቹ ከብሎኑ ጋር አንድ ሆነዋል። ናፍጣ ተቀቡ፣ አደሩ፣ በእሳት ተሞቁ፣ በመዶሻ ተመቱ። የግራው የመሐል ብሎን ለካስ ቀድሞ ተቆርጦ ኖሯል፤ ብረቶቹን አንድ ላይ የያዛቸው አክሱሉን ያሰረው ጠምዛዛ ብሎን ብቻ ነበር። ልጁ ብረቶቹን እንደ መጽሐፍ ገጽ አንድ በአንድ ሲገልጥ ከሥር ሁለተኛው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አገኘ። ጥፍሩን አስኬደባትና ሹፌሩን ጠርቶ የእሱንም ጥፍር አስኬደው። ያኔ ነው ሹፌሩ ኮፍያውን ያወለቀው።

ሾኮቹ ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ በአውቶቡስ ይመጣሉ ተባለ። እስኪመጡ ድረስ አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ፊያት 124ን ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1967 በአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ የተመረጠች የቤት መኪና ናት። ከእሷው የወጣች ስፓይደር የምትባል ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪናም አለች። ዛሬ ያረጀች ስፓይደር ያለው ፈረንጅ ሞላውን በአጭር ይቀይራል፣ ሾኩን በጠንካራ፤ መኪናው መሬት ለመሬት እንዲሄድለት። ሶቪየቶች ደግሞ ያችኑ 124 ወስደው በራሳቸው መንገድ ሲፈትኗት አካሏ ተሰነጣጠቀ፤ ከ800 በላይ ነገር ለውጠው፣ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ እግሯን አጠንክረው እ.ኤ.አ. በ1970 ማምረት ጀመሩ። አዲስ አበባ ላይ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት ያረጀችው ላዳ እሷው ናት። ከአንድ ማኅፀን አንዷ ወደ መሬት፣ አንዷ ወደ ላይ! ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚሄዱበት መንገድ ነው የሚለየው። ለሹፌራችን ይህን ስነግረው «ላዳ ሊማሊሞን ትወጣለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ጨዋታው እዚያ ላይ ቆመ።

ሾኮቹ መጡ። ልጁ ካርቶኑን አላመነም። ዘንጉን ወደ ውስጥ ገፋው፤ በቀስታ፣ ሳያቋርጥ፣ በራሱ ጊዜ ተመልሶ ወጣ። በጋዝ የተሞላ ሾክ ነው፤ በሻካራ መንገድ ዘይቱ አረፋ እንዳይሆን ጋዙ ይጫነዋል። «ይሄ ደህና ነው» አለ።

ከዚያ ብረቶቹን በሽቦ ብሩሽ ፈትጎ፣ ግራሶ ቀብቶ፣ የተሰነጠቀውን በአዲስ ተክቶ፣ በየጎኑ ከተጨመሩት ሁለት ብረቶች ሁለቱንም አስወጣ። ጠምዛዛዎቹን ብሎኖች በአዲስ ለወጠ፤ አንዴ የተጠበቀ ይሳባል፣ ሁለተኛ አይታመንም። አሁን የምነግራችሁን ግን ብዙ ጋራዥ አያደርገውም። ቡሾቹን አስገብቶ ብሎናቸውን በእጁ ብቻ አስያዘ፤ መኪናዋን ከእንጨቱ አውርዶ በአራት ጎማዋ አቆማት፤ አናወጣት፤ ከዚያ ተኝቶ ከሥሯ ገብቶ አጠበቀ። በአየር ላይ እንዳለች ቢያጠብቀው ኖሮ ስትወርድ ጎማው ቡሽ እንደተጠመዘዘ ይቀር ነበር፤ የተጠመዘዘ ቡሽ ደግሞ ክረምት አይዘልቅም።

የወለቁትን ብረቶች የዳባት አንጥረኛ ወሰዳቸው። የባሌስትራ ብረት ለማረሻ፣ ለመጥረቢያ፣ ለማጭድ የሚመረጥ ነው፤ እሳት ሲበላ ይለዝባል፣ ውሃ ሲጠጣ ይጠነክራል። ሹፌሩ በኪሎ ሊሸጥ ሲደራደር አንጥረኛው ስንጥቁን አየና ዋጋውን ቆረጠ። ልጁ መካኒክ ሳቁን መያዝ አቃተው።

በማግስቱ ሳንቃ በር ደርሰው ተመለሱ። ሹፌሩ ወርዶ ሾኩን ዳበሰ፤ ሞቋል። ምንም አላለም፤ ለልጁ ግን ሁለተኛ ቡና አዘዘለት።

በሦስተኛው ቀን የጃናሞራ ነጋዴ መጣ።

«አሥር ኩንታል አለኝ።»

«ስድስት እጭናለሁ።»

«ድሮ አሥር አይደል እንዴ የምትጭነው?»

«ድሮ ነዋ።»

ነጋዴው መኪናዋን ዞሮ አያት፣ ጎንበስ ብሎም ከሥር አያት፣ ቀና አለና «ታዲያ ወንድምዓለም፣» አለው፣ «መኪናህን ያሠራኸው ለምንድን ነው?»