የእጅ ሥዕል ጨርቅና የባለሙያው መብት

በደቡብ ምሥራቅ ሕንድ፣ በኮሮማንዴል ጠረፍ፣ የአልጋ ልብስ የሚሥሉ ባለሙያዎች መሣሪያ ከቀርከሃ የተቀረጸ ብዕር ነበር። ጨርቁ አስቀድሞ በጎሽ ወተትና በመራራ የዛፍ ፍሬ ይነከራል፤ ቀዩን ቀለም ደግሞ ጨው መሰል ማዕድን አጥብቆ ስለሚይዘው በእጥበት አይለቅም። ከአባት ወደ ልጅ የሚወርደው ይህ ዕውቀት የሥዕላቸው ዋነኛ ዘበኛ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1742 ግን ኩርዱ የተባለ ፈረንሳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ከተጠመቁ ሠዓሊዎች የተረዳውን በደብዳቤ ወደ አገሩ ላከ፤ የሃይማኖት አባትነቱ እዚህ ላይ ነጋዴውን ጠቀመ ቢባል ከእውነት አይርቅም።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1787 ባወጣችው ሕግ፣ ስሙን በጨርቁ ጫፍ ላይ ላተመ የንድፍ ባለቤት የሁለት ወር ጥበቃ ሰጠች፤ በ1794 ጊዜው ወደ ሦስት ወር ከፍ አለ። አበባውን ከኮሮማንዴል የቀዳ አታሚ ግን ለሠዓሊው የሚከፍለው ዋጋ አልነበረም።