የተማሪ ሸሚዝ

የታሪክ መጻሕፍት የካቲት 1983ን ኢሕአዴግ ጎጃምን ከደርግ እጅ ባወጣበት በ«ዘመቻ ቴዎድሮስ» ያውቁታል። እኔ ግን የማስታውሰው በአንዲት ሸሚዝ ነው።

ደምበጫ ውስጥ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። የዚያን ዕለት ጠዋት ደወል አልተደወለም። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በኩል የሚሸሸው ሠራዊት ወደ ደብረ ማርቆስ ይተማል፤ ገሚሱ በባዶ እግሩ ነው። አንዱ ከመንገድ ወጥቶ በራችን ላይ ቆመ። ጢም እንኳ አላበቀለም።

«እማማ፣ አሮጌ ልብስ ካለዎት?» አለ።

እናቴ ቃል ሳትተነፍስ እኔን አየችኝ። ያለችኝ አንዲት የትምህርት ቤት ሸሚዝ ነበረች። አውልቄ ሰጠሁት፤ ልኩ ሆነች።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይኸው ልኩ መሆኗ ነው። የ1975ቱ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የጠራው ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ነበር፤ አፈሳው ግን መች ዕድሜ ይጠይቃል! እሱ ገበያ በወጣበት ቀን እኔ ቤት ውዬ ይሆናል፤ ልዩነታችን ይኸው ነው።

ግንቦት 20 ደርግ ወደቀ። ትምህርት ሲከፈት ያለ ዩኒፎርም ሄድሁ። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «አንተም ሰጠህ?» ብሎ አስገባኝ።