ስሙ የማን፣ እጁ የማን? የጥንት የኢጣሊያ የእሽቅድምድም ብስክሌቶችን ስለ መለየትና ስለ ማደስ



የዛሬው ንግግር ርእስ በመጀመሪያ ሲታይ ከታሪክ ትምህርት የራቀ ሊመስል ይችላል። ስለ ነገሥታት፣ ስለ ውሎችና ስለ ጦርነቶች መስማት የለመደ ጆሮ፣ በሚላኖና በቪቼንሳ ስለ ተሠሩ አሮጌ ብስክሌቶች ሲነገረው ምን ያተርፋል? ነገር ግን የታሪክ ባለሙያ ዋና ሥራ ምስክርን መመርመር ነው፤ ብስክሌትም ምስክር ነው። እንደ ብራና መጽሐፍ የጻፈው እጅ አለ፤ ያስጻፈውም አለ፤ የባለቤቱን ስም ፍቆ የራሱን የተካበትም አለ። ዛሬ ለማሳየት የምሞክረው ይህንን ነው፦ በብስክሌት ላይ ከሁሉ ጎልቶ የሚነበበው ስም ከምስክሮቹ ሁሉ ደካማው ነው፤ ብስክሌቱን «እንደ አዲስ» ለማድረግ የሚተጋ አዳሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠንካሮቹን ምስክሮች ያጠፋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን የሥራውን አደረጃጀት እንመልከት። ኤዶአርዶ ቢያንኪ በ1885 በሚላኖ አነስተኛ ሥራ ቤት ከፈተ፤ ከዚያች ቤት ያደገው ድርጅት በ1949 ፋውስቶ ኮፒ የኢጣሊያንና የፈረንሳይን ዙር በአንድ ዓመት ሲያሸንፍ የጋለበውን ብስክሌት አቅርቧል። በ1919 አንጄሎ ሉዊጂ ኮሎምቦ በዚያው በሚላኖ የብረት ቱቦ ሥራ ጀመረ፤ «ኮሎምቡስ» የተባሉት ቀላልና ጠንካራ ቱቦዎች ከዚያ የመጡ ናቸው። በ1933 ደግሞ ራሱ ተወዳዳሪ የነበረው ቱሊዮ ካምፓኞሎ በቪቼንሳ ድርጅቱን መሠረተ። እንግዲህ በተለይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ፣ አንድ የኢጣሊያ የእሽቅድምድም ብስክሌት ብዙ ጊዜ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ዕቃ አልነበረም። ቱቦው ከኮሎምቡስ፣ ማርሽ መለወጫው ከካምፓኞሎ፣ መሪው ከቺኔሊ ይመጣል፤ አጽሙን በአነስተኛ ሥራ ቤት ያለ ባለሙያ ይበይደዋል፤ በላዩ የሚጻፈው ስም ደግሞ የነጋዴው ወይም የቡድኑ ሊሆን ይችላል።

የዚህ እውነት ዋና ማስረጃ በዘመኑ እጅግ የታወቀው ብስክሌት ነው። ኤዲ መርክስ በኦክቶበር 1972 በሜክሲኮ ከተማ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ49 ኪሎ ሜትር በላይ በመጓዝ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ብስክሌቱን የሠራው የካምቢያጎው ኤርኔስቶ ኮልናጎ ነበር፤ በአጽሙ ላይ የተጻፈው ግን ዊንድሰር የተባለው የሜክሲኮ ብስክሌት አምራች ስም ነው። በሚላኖ በቪጎሬሊ የእሽቅድምድም ሜዳ ሥር ሥራ ቤት የነበረው ፋሊዬሮ ማዚም የሌሎችን ስም ተሸክመው የተወዳደሩ ብስክሌቶችን ሠርቷል። ይህ በዘመኑ እንደ ማጭበርበር የሚቆጠር ሳይሆን የሥራው ልማድ ነበር። ለእኛ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ቀለሙን ያነበበ ገንዘብ የከፈለውን አወቀ እንጂ የሠራውን አላወቀም።

ታዲያ ስሙ ካልታመነ ምን ይታመናል? በመጀመሪያ ቀለም የማይደርስበት ቦታ ይመረመራል። የፔዳሉ ዘንግ የሚያልፍበትን ቤት ፈትተን ብንለካ፣ በኢጣሊያ ልማድ የቤቱ ወርድ 70 ሚሊ ሜትር፣ የብሎን ጥርሱ ስፋት 36 ሚሊ ሜትር ሆኖ በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ ይቆጠርበታል፤ በሁለቱም ጎን ያሉት ክፍሎች ወደ ቀኝ ሲዞሩ ይጠብቃሉ። በእንግሊዝ ልማድ ግን ወርዱ 68 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጥርሱ ስፋት ከ35 ሚሊ ሜትር ጥቂት ያንሳል፤ በሰንሰለቱ በኩል ያለው ክፍልም የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ሆኖም አንድ ልኬት ብቻውን አይበቃም። ጥርሱ የተበላ የእንግሊዝ ዓይነት ቤት ሰፋ ባለው በኢጣሊያ ልኬት እንደ ገና ሊቀረጽ ይችላል። ስለዚህ በ68 ሚሊ ሜትር ቤት ውስጥ የ36 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያገኘ ሰው፣ ያገኘው የኢጣሊያ ልደት ሳይሆን የጥገና ጠባሳ እንዳይሆን ይጠርጥር። እዚህ ላይ እንደምታዩት፣ የሁለት ምስክሮች አለመስማማት ከስምምነታቸው የበለጠ ይናገራል።

የፊት ሹካውን አውጥተን የአንገቱን ቱቦ ከታች ወደ ውስጥ ብንመለከት ደግሞ፣ በታወቁት የኮሎምቡስ የእሽቅድምድም ቱቦዎች ውስጥ እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ የሚጠማዘዙ አምስት ጠርዞች እናገኛለን። የኋላው ጎማ የሚገባበት ስፋት በአምስት ማርሽ ዘመን 120 ሚሊ ሜትር፣ ስድስት ማርሽ ሲመጣ 126 ሚሊ ሜትር ሆኗል፤ ግን ብረት የሚታጠፍ ነውና ጠባቡን አጽም በኋላ ዘመን ያሰፉት ብዙዎች ናቸው። የፍሬን ሽቦ ማለፊያውም እንዲሁ ነው። በቀደሙት ብስክሌቶች ላይ ሽቦውን ከላይኛው ቱቦ ጋር የሚያስሩት በክሮም የተለበጡ ቀለበቶች ነበሩ፤ በ1970ዎቹ ውስጥ ግን በአጽሙ ላይ የተበየዱ ትንንሽ ማለፊያዎች እየተለመዱ ሄዱ። ባለቤቶች የቆየ አጽማቸውን ወደ ሥራ ቤት ልከው እነዚህን ያስበየዱበትም ጊዜ ነበር።

ቀጥሎ የሚጠየቁት በአጽሙ ላይ የተገጠሙት ዕቃዎች ናቸው። የአማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ዓለም ጨርሶ ባዳ አይደለም፤ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ዳዶና ኩሽኔታ የምንላቸው ቃላት ከኢጣሊያንኛ የመጡ ናቸውና። በዕቃዎቹ ላይ የታተመው ኢጣሊያንኛ ግን በጥንቃቄ ይነበብ። «ብሬቭ» የሚለው ቃል የሠሪ ስም አይደለም፤ «ብሬቬታቶ» የሚለው ምሕጻረ ቃል ሆኖ ትርጉሙ «የፈጠራ መብቱ የተመዘገበ» ነው። ካምፓኞሎ በ1967 ባወጣው ኑዎቮ ሬኮርድ የተባለ የኋላ ማርሽ መለወጫ ላይ፣ በ1970ዎቹ ከተሠሩት ጀምሮ፣ «ፓተንት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ሁለት አሃዝ ይታያል፤ አሃዙ 72 ከሆነ ዕቃው በ1972 ገደማ የተሠራ ነው። ይህ ግን የዕቃው ዕድሜ እንጂ የአጽሙ ዕድሜ አይደለም። እሽቅድምድም ዕቃ ይሰብራል፤ የተሰበረውም በአዲስ ይተካል። ብዙ ዕቃዎች በአንድ ዓመት ዙሪያ ሲሰበሰቡ ምስክርነታቸው ይጸናል፤ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ በአሥር ዓመት ቢዘገይ የሚነግረን የብስክሌቱን ልደት ሳይሆን ኑሮውን ነው።

ከዚህ ወደ ከባዱ ጥያቄ እንሻገራለን። በ1940ዎቹ የነበረው ካምቢዮ ኮርሳ የተባለው የካምፓኞሎ መለወጫ በሁለት ዘንጎች ይሠራ ነበር። ብስክሌተኛው በጉዞ ላይ ሳለ እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ በአንዱ ዘንግ የኋላውን ጎማ ያላላል፤ በሌላው ሰንሰለቱን ያዛውራል። ጎማው ሳይዛባ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲሄድም፣ የጎማው ዘንግ የሚያርፍባቸው ብረቶች ጥርስ ነበራቸው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ግራን ስፖርት የተባለው መለወጫ ሲስፋፋ ይህ ሁሉ ጊዜ ያለፈበት ሆነ። እንግዲህ በ1948 የተሠራ፣ ጥርሶቹን እንደ ያዘ ግራን ስፖርት የተገጠመለት አጽም አገኘን እንበል። አንዱ አዳሽ «ትክክለኛው ካምቢዮ ኮርሳ ነው» ብሎ ግራን ስፖርቱን ይነቅላል። ነገር ግን ለውጡን ያደረገው ለመወዳደር የሚሻ፣ አዲስ ብስክሌት ለመግዛት ግን አቅም ያጠረው ሰው ከሆነ፣ የተነቀለው ስሕተት ሳይሆን የአንድ ሰው ታሪክ ነው።

በዚህ ጉዳይ ኢጣሊያ ራሷ የምታስተምረን አላት። በ1939 በሮም የተቋቋመው የማዕከላዊ እድሳት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበረው ቼዛሬ ብራንዲ፣ በ1963 በታተመው የእድሳት ንድፈ ሐሳብ መጽሐፉ፣ እድሳት የሥራውን አንድነት መመለስ እንዳለበት፣ ይህን ሲያደርግ ግን ታሪክን ማስመሰል ወይም ዘመን ያሳረፈውን አሻራ መደምሰስ እንደሌለበት አስረድቷል። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተርም እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ መቆም አለበት ይላል። ሁለቱም የተጻፉት ስለ ሥዕልና ስለ ሕንጻ ነው፤ ለብስክሌት ግን እንግዳ አይደሉም።

«ብስክሌት ሥዕል አይደለም፤ ካልተነዳ ምኑን ብስክሌት ሆነ?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ መልሱም በሥራው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። የፔዳል ክንዶች ከማርሹ ጋር በሚጋጠሙበት ማዕዘን ይሰነጠቃሉ፤ የተሰነጠቀ ክንድ ይዞ መንዳት ሕይወትን ያስከፍላልና መተካት ግድ ነው። የደረቀ የፍሬን ጎማም እንዲሁ። የተነሣው ዕቃ ግን አይጣልም፤ ከየት እንደ ተነሣ ተጽፎበት ከብስክሌቱ ጋር ይቀመጣል። ከመፍታት በፊት ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ልኬቱ ይመዘገባል። ጽዳት ከለስላሳው ይጀመራል፦ በውኃና በሳሙና፣ ቀጥሎ በዘይት፣ የዝገት ማስወገጃ አሲድ ቢያስፈልግ በማይታይ ቦታ ከተሞከረ በኋላ። አሉሚኒየምን በሞተር ማስወልወል ያንጸባርቀዋል፤ ነገር ግን የላይኛውን ሽፋን ያነሣል፤ የታተሙትን ፊደላትና አሃዞችም ያደበዝዛል። አጽምን በአሸዋ ነፍቶ እንደ አዲስ መቀባት ከሁሉ የከፋ ነው። የቢያንኪ ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም እንኳ ከዘመን ዘመን ይለዋወጥ ነበርና፣ የዛሬውን ቀለም የተቀባ የ1950ዎቹ ብስክሌት የራሱን ዘመን መልክ አጥቷል።

ይህ የሰብሳቢዎች ቅንጦት ብቻ አይደለም። ከ1997 ጀምሮ በቶስካና በጋዮሌ ኢን ኪያንቲ የሚካሄደው ሌሮይካ የተባለው ጉዞ እስከ 1987 በተሠሩ ዓይነት ብስክሌቶች የሚደረግ በመሆኑ፣ አሮጌ ብስክሌቶች እንደ ገና እንዲፈለጉ ረድቷል። በዚህም ከመጣል የተረፉት ጥቂት አይደሉም። ሆኖም ተፈላጊነት ሲጨምር፣ ያልተጻፈበትን አጽም ታዋቂ ስም ጽፎ የመሸጥ ፈተናም ይጨምራል። ያን ጊዜ የሚጎዳው ገዢው ብቻ አይደለም። መገጣጠሚያውን በሞረድ አሳስቶ፣ ጫፉን አሹሎ፣ የብየዳውን መስመር አጥርቶ የሠራው ባለሙያ ለሁለተኛ ጊዜ ስሙን ያጣል። በመጀመሪያ የሥራው ልማድ ሸፈነው፤ አሁን ደግሞ አዳሹ ፋቀው።

እንግዲህ ለተማሪዎቼ የማሳስበው ይህ ነው። ሰነድ ያልተዉ ሰዎች ዕቃ ትተዋል። የእነዚያ የእጅ ባለሙያዎች መዝገብ ያ አጽም ራሱ ነው፤ ሁለተኛ ቅጂም የለውም። ማንነቱን ገና ያላወቅነውን ብስክሌት ሳንቀባው ብናቆየው፣ ከእኛ የተሻለ የሚያነብ ሰው ሲመጣ የሚነበብ ነገር ያገኛል።